«ፖፕ» ስል ዳያሎጉ ቀርቶ ገጹ ለምን ይዘጋል?

ጥያቄ፦ በፍላተር (የሞባይል አፕ መሥሪያ) የምግብ ማዘዣ አፕ እየሠራሁ ነው። ተጠቃሚው ስልክ ቁጥሩን ያስገባል፣ በኤስኤምኤስ የደረሰውን ማረጋገጫ ቁጥር ይሞላል፣ ከዚያ ከታች ሦስት ታብ ወዳለው ዋና ገጽ በ«ፑሽ ሪፕሌስመንት» አሳልፈዋለሁ። እያንዳንዱ ታብ የራሱ ናቪጌተር (የተከፈቱ ገጾችን ደራርቦ የሚይዝ) አለው። ከትዕዛዝ ገጹ ላይ የክፍያ ቦተም ሺት (ከስክሪኑ ታች የሚወጣ ሰሌዳ) ይከፈታል፤ «ክፈል» ሲነካ የሚሽከረከር መጠበቂያ ዳያሎግ (ትንሽ መስኮት) ይመጣል። ሰርቨሩ መልስ ሲሰጥ አንዴ ለዳያሎጉ፣ አንዴ ለሺቱ ብዬ ሁለት ጊዜ «ፖፕ» እላለሁ። ሺቱና ገጹ ይዘጉና ዳያሎጉ እየተሽከረከረ ይቀራል። ሁለቱንም ጊዜ «ሩት ናቪጌተር» (ዋናው ናቪጌተር) የሚለውን ትሩ (እውነት) ሳደርገው ደግሞ ጭራሽ ወደ ስልክ ቁጥር ገጹ ወረወረኝ። የስልኩ ባክ ሲጫንም እንደዚያው ነው። በተጨማሪ ሺቱ ላይ «+» ሲነካ ብዛቱ አይለወጥም፤ የአድራሻ መጻፊያው ላይ ኪቦርድ ሲከፈት ቢጫና ጥቁር መስመር ይወጣል።

መልስ፦ የዘረዘርካቸው ችግሮች ብዙ ይመስላሉ እንጂ አብዛኞቹ ከአንድ ስህተት የመጡ ናቸው፦ ዳያሎግንና ሺትን የገጹ አካል አድርገህ ቆጥረሃቸዋል። በፍላተር ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ ራውቶች ናቸው፤ ከገጽ እኩል በናቪጌተር ቁልል ላይ ይቀመጣሉ። ናቪጌተርን በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ አስበው፤ የሚነሳው ሁልጊዜ ከላይ ያለው ነው። ስለዚህ «ፖፕ» ማለት «ዳያሎጉን ዝጋ» ማለት አይደለም፤ «ከዚህ መሶብ ከላይ ያለውን አንሳ» ማለት ነው። ያንተ አፕ ደግሞ መሶቡ አራት ነው፤ አንድ ዋናው፣ ለየታቡ ደግሞ አንድ አንድ።

ምን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው «ዩዝ ሩት ናቪጌተር» የሚባለው ፓራሜትር ነው። የሚያሳስተው፣ ካልነካኸው ዋጋው ከፈንክሽን ፈንክሽን መለያየቱ ነው። «ሾው ዳያሎግ» ላይ ትሩ ነው፤ «ሾው ሞዳል ቦተም ሺት» ላይ ፎልስ ነው፤ የአይኦኤስ መልክ ያለው «ሾው ኩፐርቲኖ ሞዳል ፖፕአፕ» ላይ እንደገና ትሩ ነው። ታብ በሌለው አፕ ላይ ናቪጌተሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ አይታይም። ለታቦቹ የየራሳቸውን ናቪጌተር የሰጠህ ዕለት ነው የሚፈነዳው።

አሁን ያንተን ኮድ እንከተለው። ሺቱ የታቡ ቁልል ላይ፣ ከትዕዛዝ ገጹ በላይ ተቀመጠ። ዳያሎጉ ዋናው ቁልል ላይ፣ ታቦቹን ከያዘው ገጽ በላይ ተቀመጠ። መልሱ ሲመጣ «ፖፕ» ያልከው በትዕዛዝ ገጹ ኮንቴክስት (ኮዱ በአፑ ዛፍ ውስጥ ያለበትን ቦታ በሚያመለክተው) ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ወደ ላይ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚገኘው የታቡ ናቪጌተር ነው። የመጀመሪያው «ፖፕ» ሺቱን አነሳ፣ ሁለተኛው ገጹን አነሳ፣ ዳያሎጉን የነካው የለም። ሁለቱንም ወደ ሩት ስታዞራቸው ደግሞ የመጀመሪያው ዳያሎጉን በትክክል ዘጋ፤ ሁለተኛው ግን ሺቱን ፈልጎ ዋናው ቁልል ላይ አላገኘውም፤ ያገኘው ታቦቹን የያዘውን ገጽ ነው፤ እሱን አንስቶ ከሥሩ የነበረውን የስልክ ቁጥር ገጽ አሳየህ። ልብ በል፣ ከታች እንደምነግርህ መግቢያውን ካስተካከልክ በኋላ ይኸው ስህተት ወደ ስልክ ቁጥር ገጹ አይወስድህም፤ ከሥር የቀረ ነገር ስለሌለ ጥቁር ስክሪን ይሆናል። በፍላተር ጥቁር ስክሪን ካየህ መጀመሪያ የምትጠረጥረው የመጨረሻውን ራውት ማንሳትህን ነው።

መፍትሔው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የክፍያ ሺቱን ስትከፍት «ዩዝ ሩት ናቪጌተር»ን ትሩ አድርገው። ለክፍያ ይህ በራሱ የተሻለ ነው፤ አሁን ባለው አሠራር ሺቱ ከታብ አሞሌው በላይ ብቻ ስለሚያርፍ፣ ሰውዬው ክፍያ መሃል ላይ ሌላ ታብ ነክቶ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ሞዳል (ዳያሎግ ወይም ሺት) የሚዘጋው በራሱ ኮንቴክስት ይሁን። የሞዳሉን ይዘት የሚሠራው የ«ቢልደር» ፈንክሽን የሚሰጥህን ኮንቴክስት ከገጹ ኮንቴክስት የተለየ ስም ስጠው፤ «ሺት ኮንቴክስት»፣ «ዳያሎግ ኮንቴክስት» በለው። ሁለቱንም «ኮንቴክስት» ካልካቸው አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል፤ ኮዱን ወደ ሌላ ፈንክሽን ስትወስደው ደግሞ የትኛው እንደቀረ ሳታውቅ ትቸገራለህ።

ስለ መጠበቂያ ዳያሎጉ ግን ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ አውጣው። «ሾው ዳያሎግ» ላይ «ባሪየር ዲስሚሲብል» ካልነካኸው ትሩ ስለሆነ፣ ተጠቃሚው ከዳያሎጉ ውጭ ሲነካ ይዘጋል። ከዚያ መልሱ ይመጣና ኮድህ «ፖፕ» ይላል፤ ዳያሎጉ ስለሌለ ከሥሩ ያለው ይነሳል። ይህን ፎልስ ብታደርገው እንኳ የአንድሮይድ ባክ ይዘጋዋል፤ ያንን ለማገድ «ፖፕ ስኮፕ» የሚባል ዊጅት (የስክሪን ግንባታ አካል) መጨመር ይኖርብሃል። ለአንድ የሚሽከረከር ክብ ይህ ሁሉ ጥበቃ አያስፈልግም። ሺቱ ራሱ ውስጥ «እየላከ ነው» የሚል አንድ ቡሊያን (ትሩ ወይም ፎልስ የሚይዝ ተለዋዋጭ) ያዝ፤ ትሩ ሲሆን የ«ክፈል» በተኑን «ኦን ፕረስድ» (ሲነካ የሚሠራውን) ነል (ባዶ) አድርገው፣ ጽሑፉን ደግሞ በትንሽ ክብ ተካው። ቁልሉ ላይ የተጨመረ ነገር ስለሌለ የሚዘጋ ነገርም የለም። በተኑ ወዲያው መሥራት ስለሚያቆም፣ ኔትወርክ ሲዘገይ ሰው ደጋግሞ ቢነካውም ምንም አይላክም። ያም ሆኖ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ መለያ ቁጥር ከአፑ አብሮ ይሂድና ሰርቨሩ ሁለተኛውን ጥያቄ እንደ አዲስ ክፍያ እንዳይቆጥረው አድርግ፤ ስክሪን ላይ ብቻ የሚደረግ መከላከያ ለገንዘብ አይበቃም።

ሺቱ ሲዘጋ ባዶ እጁን አይመለስ። «ሾው ሞዳል ቦተም ሺት» ፊውቸር (በኋላ የሚደርስ ውጤት) ነው የሚመልሰው፤ ስለዚህ ገጹ ላይ «አዌይት» ብለህ ጠብቀው፤ ሺቱ ውስጥ ደግሞ «ፖፕ» ስትል ከሺቱ ኮንቴክስት ቀጥሎ ውጤቱን ጨምርበት። ውጤቱን ቡሊያን አታድርገው፤ ኢነም (የተወሰኑ ዋጋዎች ዝርዝር) ይሁን፦ ተከፍሏል፣ ተሰርዟል፣ አልተሳካም። አራተኛ ሁኔታም አለ፤ ሰውዬው ሺቱን ወደ ታች ጎትቶ ወይም ውጭ ነክቶ ከዘጋው የሚመጣልህ ነል ነው። ነልን «አልከፈለም» ብለህ አትተርጉመው። ጥያቄው ወደ ሰርቨሩ ከሄደ በኋላ ሺቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን የትዕዛዙን ሁኔታ ሰርቨሩን ጠይቀህ ነው ለተጠቃሚው የምትናገረው።

እየላከ ባለበት ሰዓት እንዳይዘጋ ለማድረግ ሺቱን በ«ፖፕ ስኮፕ» ሸፍነውና «ካን ፖፕ»ን የዚያ ቡሊያን ተቃራኒ አድርገው። ይህ ባክንም ውጭ መንካትንም ያግዳል። ወደ ታች መጎተትን ግን አያግድም፤ መጎተት ሳይጠይቅ በቀጥታ «ፖፕ» ስለሚል ነው። ስለዚህ የክፍያ ሺት ላይ «ኢነብል ድራግ»ን ፎልስ አድርገህ ክፈተው፣ በምትኩ ከላይ ጥግ ላይ የመዝጊያ «×» አስቀምጥ። ውጭ ሲነካ መዘጋቱን የሚወስነውን «ኢዝ ዲስሚሲብል»ንም ሆነ «ኢነብል ድራግ»ን ከተከፈተ በኋላ መለወጥ አትችልም፤ ሲከፈት የሰጠኸው እስኪዘጋ ይቆያል።

«አዌይት» ካለፈ በኋላ ደግሞ ገጹ አሁንም መኖሩን ሳታረጋግጥ ኮንቴክስቱን አትንካ። ከፍላተር 3.7 ጀምሮ «ኮንቴክስት ማውንትድ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ፎልስ ከሆነ ዝም ብለህ ውጣ። ሊንተሩ (ኮድ የሚመረምረው መሣሪያ) በዚህ ላይ ሲያስጠነቅቅህ «ኢግኖር» ጽፈህ አትለፈው፤ ዘገምተኛ ኔትወርክ ላይ የሚፈጠሩ ክራሾች ብዙዎቹ እዚያች መስመር ላይ ናቸው።

ወደ መግቢያው እንምጣ። «ፑሽ ሪፕሌስመንት» የሚተካው ከላይ ያለውን አንዱን ብቻ ነው። ያንተ ቁልል የስልክ ቁጥር ገጽ፣ ከላዩ የማረጋገጫ ቁጥር ገጽ ነበር፤ ዋናው ገጽ የማረጋገጫውን ቦታ ወሰደ፣ የስልክ ቁጥሩ ግን ከሥር ቀረ። የሚያስፈልግህ «ፑሽ አንድ ሪሙቭ አንቲል» ነው፤ ለመጨረሻው ፓራሜትር ሁልጊዜ ፎልስ የሚመልስ ፈንክሽን ስጠው፤ ከዋናው ገጽ በስተቀር ሁሉም ይነሳል። የገጽ ስም እየጠራህ «እዚህ ድረስ አንሳ» ማለትም ይቻላል፣ ነገር ግን ስሙ በአንድ ፊደል ከተሳሳተ የሚያቆመው ስለማይኖር ቁልሉን እስከ ታች ጠርጎ ያጠፋዋል። «ፖፕ አንቲል» ላይም አደጋው ያው ነው፤ «ማቴሪያል ፔጅ ራውት» በቀጥታ ሠርተህ «ራውት ሴቲንግስ» ውስጥ ስም ካልሰጠኸው ገጹ ስም የለውም።

መውጫው ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። «ውጣ» የሚለው በተን ያለው መገለጫ ታብ ውስጥ ነው። እዚያ በገጹ ኮንቴክስት የመግቢያ ገጹን ብትገፋ፣ የስልክ ቁጥር ማስገቢያው ታቡ ውስጥ ይከፈትና ከሥሩ ሦስቱ ታቦች እንዳሉ ይታያሉ። እዚህ ጋ ናቪጌተሩን «ሩት ናቪጌተር» ትሩ ብለህ ውሰደው።

የስልኩ ባክ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሲስተሙ ባክን የሚያቀብለው ለዋናው ናቪጌተር ነው እንጂ ለታቦቹ አይደለም። ተጠቃሚው በታቡ ውስጥ ሦስት ገጽ ገብቶ ቢሆንም ዋናው ቁልል የሚያውቀው ታቦቹን የያዘውን አንድ ገጽ ብቻ ስለሆነ እሱን ያነሳል። መግቢያውን ስታስተካክል ደግሞ አፑ በአንድ ባክ ይዘጋል። መፍትሔው ታቦቹን የያዘውን ገጽ በአንድ «ፖፕ ስኮፕ» መሸፈን ነው። «ካን ፖፕ» ፎልስ ይሁን፤ ኮልባኩ (ባክ ሲጫን የሚጠራው ፈንክሽን) ውስጥ አሁን የሚታየውን ታብ ናቪጌተር በግሎባል ኪው (ከሌላ ቦታ ሆነህ በምታገኝበት ቁልፍ) ጠይቀው፦ የሚነሳ ካለው «ሜይቢ ፖፕ» በለው፤ ከሌለውና የመጀመሪያው ታብ ላይ ካልሆነ ወደ መጀመሪያው መልሰው፤ ያም ካልሆነ «ሲስተም ናቪጌተር ፖፕ» ብለህ አፑን ልቀቅ። ለየታቡ አንድ አንድ «ፖፕ ስኮፕ» አታድርግ፤ ታቦቹን ደራርቦ የሚይዘው «ኢንዴክስድ ስታክ» የተደበቁትን ታቦችም በሕይወት ስለሚያቆያቸው ጥሪው ለሁሉም ይደርስና ተጠቃሚው ባላየው ታብ ውስጥ ገጽ ይዘጋል።

ምናልባት ያገኘኸው ምሳሌ «ዊል ፖፕ ስኮፕ» የሚል ከሆነ አሮጌ ነው። በ2023 በወጣው ፍላተር 3.16 በ«ፖፕ ስኮፕ» ተተክቷል፤ ከ3.24 ጀምሮ ደግሞ ኮልባኩ «ኦን ፖፕ ኢንቮክድ ዊዝ ሪዘልት» ሆኗል። ስም ብቻ አይደለም የተለወጠው። በድሮው ባክ ሲጫን ፈንክሽንህ ተጠርቶ «ይዘጋ ወይስ አይዘጋ» ብሎ ቆይቶ መመለስ ይችል ነበር። አሁን መልሱ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፣ ኮልባኩም የሚጠራው ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ነው። ምክንያቱ ከአንድሮይድ 13 ጋር የመጣው ቅድመ ዕይታ ያለው ባክ ነው፤ ጣት ገና እየጎተተ ሳለ ሲስተሙ ከሥር ያለውን ማሳየት ስላለበት መዝጋት እንደሚቻል ቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። በተግባር የምትጠነቀቀው ለአንድ ነገር ነው፦ ኮልባኩ ውስጥ መጀመሪያ «ዲድ ፖፕ» ትሩ መሆኑን አይተህ ከሆነ ተመለስ። ይህን ረስተህ ኮልባኩ ውስጥ «ፖፕ» ካልክ አንድ ባክ ሁለት ገጽ ይዘጋል። አንድሮይድ 16ን ታርጌት የሚያደርግ አፕ ላይ ይህ አሠራር ሳትጠይቅ የሚበራ ስለሆነ ለነገ ባታቆየው ይሻላል።

ብዛቱ ያልተለወጠውም ከላይ ባልኩት ምክንያት ነው። የጠራኸው የገጹን «ሴት ስቴት» («እንደገና ሳል» የሚለውን ጥሪ) ነው፤ ሺቱ ግን ሌላ ራውት ስለሆነ ገጹ እንደገና ሲሳል አብሮ አይሳልም። ቁጥሩ በሜሞሪ ውስጥ በርግጥ ጨምሯል፤ ሺቱን ዘግተህ ብትከፍተው አዲሱን ታየዋለህ። ብዙዎች ሺቱን ብቻ እንደገና የሚስለውን «ስቴትፉል ቢልደር» ይጨምሩበታል፤ ይሠራል፤ ነገር ግን ተለዋዋጩን በቢልደሩ ውስጥ ካወጅከው በየንክኪው ወደ 1 ይመለሳል፤ ከውጭ ይሁን። የክፍያ ሺትህ ግን ብዛት፣ አድራሻ፣ የመላክ ሁኔታ ሁሉ ስለያዘ ለብቻው ስቴትፉል ዊጅት አድርገው። ቴክስት ኮንትሮለሩንም «ዲስፖዝ» የምታደርግበት ተገቢ ቦታ የምታገኘው ያኔ ነው።

ቢጫና ጥቁሩ መስመር በቁጥር ይገባሃል። «ኢዝ ስክሮል ኮንትሮልድ» ካልበራ ሺት ካለው ቁመት ከ9/16 በላይ መውሰድ አይችልም። ሺትህ የታቡ ናቪጌተር ውስጥ ስለሆነ ደግሞ «ያለው ቁመት» የስካፎልዱ (የገጹ ማዕቀፍ) አካል ነው፤ ስካፎልዱም ኪቦርድ ሲከፈት ይጠባል። ስክሪኑ 800 ቢሆንና ኪቦርዱ 300 ቢወስድ የሚቀረው 500 ነው፤ የዚያ 9/16 ደግሞ 281 ገደማ። ይዘትህ ከዚያ ከበለጠ ይፈሳል፤ መስመሩ የሚወጣው ያኔ ነው። ወደ ሩት ስታዞረው ሁኔታው ይገለበጣል፤ ሺቱ አይጠብም፣ ኪቦርዱ ከላዩ ይመጣበታል። ስለዚህ «ኢዝ ስክሮል ኮንትሮልድ»ን ትሩ አድርግ፤ ይዘቱን «ሲንግል ቻይልድ ስክሮል ቪው» ውስጥ ክተተው፤ የኮለሙን «ሜይን አክሲስ ሳይዝ» ሚኒመም አድርግ፤ ከታች ደግሞ «ሚዲያ ኩዌሪ» የሚሰጥህን የ«ቪው ኢንሴትስ» ቦተም ያህል ፓዲንግ ስጥ። ይህን ልኬት ከሺቱ ኮንቴክስት ውሰደው። ከገጹ ኮንቴክስት ብትወስደው ስካፎልዱ ቀድሞ ስለሚያነሳው 0 ይመጣልሃል፤ ኮዱ ትክክል ሆኖ ምንም አይለወጥም። 300 ብለህ በቁጥር መጻፍ ደግሞ በፍጹም አያዋጣም፤ አንድ ስልክ ላይ እንኳ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ኪቦርድ ሲቀየር ቁመቱ ሊለያይ ይችላል።

አንድ ያልጠየቅከው ነገር ልጨምር፤ የክፍያ አፕ ስለሆነ አይቀርልህም። ተጠቃሚው ክፍያውን ለመፈጸም ወደ ባንኩ ወይም ወደ ሞባይል ገንዘብ አፑ ሄዶ ይመለሳል። ሜሞሪው አነስተኛ በሆነ ስልክ ላይ በዚህ መሃል አንድሮይድ ያንተን አፕ ሊገድለው ይችላል፤ ሲመለስ ሺቱም ገጹም የሉም፣ አፑ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል። ሰውዬው ገንዘቡን ከፍሎ ትዕዛዙን ያጣዋል። ፍላተር ቁልሉን መልሶ የሚያቆምበት «ሪስቶረብል ፑሽ» አለው፤ ነገር ግን ቢልደሩ ስታቲክ ወይም ከክላስ ውጭ ያለ ፈንክሽን እንዲሆን ስለሚያስገድድ፣ ለዚህ ጉዳይ ቀላሉን እመርጣለሁ፦ ወደ ሌላ አፕ ከመላክህ በፊት የትዕዛዙን ቁጥር ዲስክ ላይ ጻፍ፤ አፑ ሲነሳ ያልተቋጨ ቁጥር ካገኘ ሁኔታውን ከሰርቨር ጠይቆ በቀጥታ የትዕዛዝ ገጹን ይክፈት። ለመሞከር በአንድሮይድ የዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ «ዶንት ኪፕ አክቲቪቲስ» የሚለውን አብራና ወደ ሌላ አፕ ሄደህ ተመለስ።

ደረሰኝ በካሜራ የምታስነሳ ከሆነም ያው ችግር ይገጥምሃል፤ ፎቶ የሚያመጣው «ኢሜጅ ፒከር» ፓኬጅ ለዚሁ «ሪትሪቭ ሎስት ዳታ» የሚባል ፈንክሽን ስላለው አፑ ሲነሳ ጥራው።

ሺት ወይስ ገጽ የሚለውን ለመወሰን እኔ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ አንድ ጥያቄ ጠይቆ አንድ መልስ ይዞ የሚመለስ ከሆነ ሺት፤ ከውስጡ ሌላ ስክሪን የሚከፈት ከሆነ ገጽ። ክፍያህ ነገ «ካርታ ላይ አድራሻ ምረጥ» ቢጨመርበት ሺት ላይ ሺት አትደርብ፤ «ፉልስክሪን ዳያሎግ» ትሩ የሆነ «ማቴሪያል ፔጅ ራውት» አድርገው። ከቀስት ይልቅ የመዝጊያ ምልክት ይሰጥሃል፤ አይኦኤስ ላይ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይመጣል፣ ከጎን በመጎተትም ስለማይዘጋ ግማሽ የተሞላ ፎርም በስህተት አይጠፋም።

ታቦቹን በእጅህ መምራት ከሰለቸህ «ጎ ራውተር» በሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ያለው «ስቴትፉል ሼል ራውት» የየታቡን ቁልል ይይዝልሃል፣ ባክንም ለሚታየው ታብ ያቀብላል፤ መግቢያውንም በ«ሪዳይሬክት» ከተጠቃሚው ሁኔታ ጋር ማሰር ትችላለህ። ሺትና ዳያሎግን በተመለከተ ግን የጻፍኩት ሁሉ እንዳለ ይሠራል፤ እሱም ከሥሩ ያው ናቪጌተር ነው። ወደዚያ ለመሻገር ብለህ አሁን ያለውን አታፍርስ፤ መጀመሪያ ይህን አስተካክል።

ካስተካከልክ በኋላም አንድ ቦታ ላይ ያልጠበቅከው ነገር ከተዘጋ በግምት «ፖፕ» እየጨመርክና እየቀነስክ አትሞክር። «ናቪጌተር ኦብዘርቨር»ን የወረሰ አንድ ክላስ ጻፍና «ዲድ ፑሽ» እና «ዲድ ፖፕ» ላይ የራውቱን ስም ከናቪጌተሩ ስም ጋር ፕሪንት አድርግ። ለእያንዳንዱ ናቪጌተር የራሱን ኦብዘርቨር ስጠው፤ አንዱን ለአራቱ መጋራት አይቻልም። ለሺቱም «ራውት ሴቲንግስ» በሚለው ፓራሜትሩ በኩል ስም ስጠው፤ አለበለዚያ ኮንሶሉ ላይ «ነል ተዘጋ» ከማለት ሌላ የሚነግርህ የለም።